አይዊትነስ የሚባለውን የማስረጃ አፕ ሞከርኩት፣ ለኛ ሀገር ሰው ይሆናል ወይ?

ይሄን ሪቪው እንድፅፍ ያደረገኝ የአጎቴ ሱቅ ነው። ሰሜን ወሎ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አጎቴ ከሃያ አመት በላይ የሰሩበት ሱቅ ህዳር 2014 ላይ ተዘርፎ ተቃጠለ፣ ከሱቁ ጀርባ ደሞ ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተገድለው ተገኙ። የአጎቴ ልጅ ያኔ 19 አመቱ ነው፣ በስልኩ ሁሉንም አንስቶት ነበር፣ ሱቁንም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳም፣ ሽማግሌው የወደቁበትንም ቦታ። ኔትወርክ ሲመለስ በቴሌግራም ላከልን፣ እኛ ለዘመድ ላክን፣ ዘመድ ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ግሩፑ ወደ ሌላ ግሩፕ አሻገረው በቃ ሄደ። ከሶስት ሳምንት በኋላ ያው ፎቶ ተመልሶ ለኔ መጣ፣ ግን ቦታው ሌላ ክልል ነው ተብሎ፣ ገዳይና ሟች ተገልብጦ፣ ቀይ ክብ ተሰርቶበት፣ ከላዩ ላይ በትልቁ ተፅፎበት። እኔ ደሞ የማየው የአጎቴን በር ነው። ሰማያዊ የላሜራ በር፣ ግማሹ ቀለም በእሳቱ የተላጠ፣ ከስሩ በነጭ ቀለም "ካርድ አለ" የሚል ፅሁፍ ያለበት። ኮመንቱ ላይ በማያውቁት ሰው ሞት ሰው ይሰዳደባል።

ያን ቀን በጣም ነበር የተናደድኩት። የባሰው ግን በኋላ መጣ። የተጎጂዎችን መረጃ የምትሰበስብ አንዲት የህግ ባለሙያ ጋር ተገናኘን፣ ፎቶዎቹን አሳየኋት፣ አየቻቸውና የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ኦሪጅናሉ የት ነው ያለው?" የሚል ነበር። ልጁ ስልኩን ሸጦታል። እኔ ጋ ያለው ከቴሌግራም ሴቭ ያደረግኩት ነው፣ ዲቴይሉን ስትከፍቱት የተነሳበት ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ የየትኛው ስልክ እንደሆነ የለውም፣ ያለው እኔ ሴቭ ያደረግኩበት ቀን ብቻ ነው። እውነት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ አጎቴ ያውቃሉ፣ ከተማው ያውቃል። ለማያውቀን ዳኛ ግን በምን እናሳየው?

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስልካችሁ ፎቶ ሲያነሳ ከምስሉ ጋር አብሮ ሜታዳታ የሚባል ነገር ይፅፋል፣ ቀን፣ ሰአት፣ የስልኩ ሞዴል፣ ሎኬሽን ከተከፈተ ደሞ ቦታው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቅና ይሄ ሁሉ ይራገፋል፣ ዋትስአፕም እንደዛው። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ከላካችሁት ግን እንዳለ ይሄዳል። ይቺን ነገር ያኔ ባውቅ ኖሮ ለልጁ አንድ መስመር ብቻ ነበር የምፅፍለት፣ "እንደ ፋይል ላከው፣ ኦሪጅናሉን እንዳታጠፋ"።

እና ያቺ የህግ ባለሙያ ናት አይዊትነስን የነገረችኝ። ለንደን ያለው የአለም አቀፉ የጠበቆች ማህበር በ2015 እ.ኤ.አ ያወጣው ነፃ አፕ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ነው የሚሰራው። አሰራሩ እንዲህ ነው። ፎቶም ቪዲዮም ድምፅም የምትቀዱት ከአፑ ካሜራ ውስጥ ነው፣ ከጋለሪያችሁ ያለውን የድሮ ፎቶ ማስገባት አይቻልም፣ ይሄ መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል ግን ጠቅላላ ጥቅሙ እዛ ላይ ነው ያለው። ስትቀዱ ጂፒኤሱን፣ በአካባቢው ያለውን የኔትወርክ ታወር፣ የዋይፋይ ምልክት ሁሉ አብሮ ይመዘግባል፣ ስለዚህ አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል። ሰአቱንም ስልካችሁ ላይ በእጅ ቀይራችሁ የምታታልሉት አይነት አይደለም። ከዛ ሃሽ የሚሉትን ይሰራለታል፣ ሃሽ ማለት የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት፣ ከምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። የተቀዳው ነገር ተመስጥሮ ከመደበኛው ጋለሪ ውጪ ይቀመጣል፣ ስትልኩት ሌክሲስኔክሲስ የሚባለው የህግ መረጃ ድርጅት ወደሚይዘው ሰርቨር ይገባል፣ እዛ ያሉ የህግ ባለሙያዎች ያዩታል፣ ያደራጁታል፣ ለመርማሪ ያቀርቡታል። ስማችሁን አይጠይቃችሁም።

እኔ መጀመሪያ ሰፈራችን ባለ የፈረሰ አጥር ላይ ሞከርኩት፣ እንዲሁ እጄን ለማለማመድ። ስልኬ የቆየ ሳምሰንግ ነው፣ ጂፒኤስ እስኪይዝ ደጅ ላይ ትንሽ መቆም ነበረብኝ። ኢንተርኔቱን አጥፍቼ ቀዳሁ፣ ይቀዳል፣ ያስቀምጠዋል፣ መስመር ሲገኝ ትልኩታላችሁ። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ጦርነት ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው፣ ትግራይ ጥቅምት መጨረሻ 2013 ላይ ስልኩም ኢንተርኔቱም እንዴት እንደጠፋ፣ አማራ ክልል በ2015 ነሐሴ ምን እንደሆነ ሁላችንም ኖረንበታል። ውሸት የሚራባውም በዛ ባዶ ጊዜ ነው። እውነቱን የያዘው ሰው መላክ አይችልም፣ ውጪ ያለው ደሞ ይጨንቀዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያምናል፣ እናቱ ያሉበትን ከተማ ስም ያየበትን ቪዲዮ ሁሉ ያሻግራል። በሰው ጭንቀት ላይ ነው የሚሰራው።

"ካለፈ በኋላ ምን ያደርጋል?" ለምትሉ፣ እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅኩት። መልሱ ኮንጎ ላይ አለ። ምስራቅ ኮንጎ፣ ደቡብ ኪቩ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ መንደሮች ተጠቅተው ነበር፣ በ2018 እ.ኤ.አ መስከረም ላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤቱ ሁለት የታጣቂ አዛዦች ላይ እድሜ ልክ ፈረደባቸው፣ እዛ ችሎት ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች ውስጥ በዚህ አፕ የተነሱ ፎቶዎች ነበሩበት። አስቡት፣ ጥቃቱ ሲፈፀም አፑ ራሱ አልተፈጠረም። ስለዚህ ፎቶዎቹ የተነሱት ከአመታት በኋላ ነው። ማስረጃ ማለት ጥይት ሲተኮስ የተቀረፀ ቪዲዮ ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ጠባሳም ማስረጃ ነው፣ መቃብርም፣ የተቃጠለ ግድግዳም፣ ዛሬም ቆሞ ያለ ነገር ሁሉ። ይሄን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአጎቴ ግድግዳ ነው።

አፑ ባይኖርስ፣ ቀድሞ የተቀረፀ ቪዲዮ ዋጋ የለውም ወይ? አለው፣ ግን ስራው ከባድ ነው። ማህበረ ዴጎን አስታውሱ። ትግራይ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሱ ታጣቂዎች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በ2021 እ.ኤ.አ መጀመሪያ ላይ ወጣ፣ ግማሹ ሰው "ፌክ ነው" ግማሹ "እውነት ነው" እያለ ሲነታረክ "አፍሪካ አይ" የሚባለው የቢቢሲ የምርመራ ቡድንና ቤሊንግካት የሚባሉት ኢንተርኔት ላይ በሚገኝ መረጃ የሚመረምሩ ጋዜጠኞች ቁጭ ብለው ከኋላ የሚታየውን የተራራ ሸንተረር ከሳተላይት ምስልና ከመሬቱ ቅርፅ ጋር አመሳክረው ቦታውን አገኙት። ተራራ አይዋሽም፣ ፎርጅድ ፅሁፍ አይለጠፍበትም። ጥላም እንደዛ ነው፣ ሰንካልክ የሚባል ነፃ ድረገፅ አለ፣ ቦታና ቀን ስትሰጡት ፀሀይዋ በዛ ሰአት የት እንደነበረች ያሳያችኋል፣ የዛፍ ወይ የሰው ጥላ በየት በኩል እንደወደቀ አይታችሁ ሰአቱን ትገምታላችሁ። ማይካድራ ላይም አምነስቲ የወጡትን ፎቶና ቪዲዮዎች በሳተላይት ምስል እያስተያየ ነው እዛች ከተማ መሆኑን ያረጋገጠው። አክሱም ላይ ደሞ 41 የአይን ምስክርና ከሞት የተረፉ ሰዎችን አነጋግሮ ብቻ አላቆመም፣ በሳተላይት ሁለት ቤተክርስቲያኖች አጠገብ አዲስ የጅምላ መቃብር ምልክት አሳየ። ያኔ "ምንም አልተደረገም" ሲባል የነበረው ነገር አፈሩ ላይ ታየ።

ሶስቱንም አንድ ላይ ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። የኔ ወገን ሲሞት ማስረጃ፣ የሌላው ሲሞት ፕሮፓጋንዳ የምንል ከሆነ ምንም አፕ አያድነንም። የኔ አጎት ፎቶ ሲሰረቅ እንዳመመኝ ትግራይ ያለችው እናትም፣ ወለጋ ያለውም አባት የልጁ ሬሳ ፎቶ ሌላ ታሪክ ተለጥፎበት ሲያይ ያመዋል።

ሳተላይት ሁሉን ያያል የሚል ሀሳብ ያላችሁ ካላችሁ ግን ቆዩ። እኔ የአጎቴን ሱቅ ፈልጌ ነበር። ሴንቲኔል የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስሉ ለማንም ነፃ ነው፣ በየአምስት ቀኑ ገደማ አንድ ቦታ ላይ ያልፋል፣ ደስ ብሎኝ ህዳር 2014ን ከፈትኩ። አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የአጎቴ ሱቅ ከዛ ያንሳል። አንዲት የደበዘዘች ካሬ ውስጥ ሱቁም፣ ግቢውም፣ የጎረቤት ቆርቆሮም ተቀላቅለው አሉ፣ ጠቆር ያለች ይመስለኛል ግን ይመስለኛል ማስረጃ አይሆንም። መንደር ሙሉ ሲቃጠል ይታያል፣ የአንድ ሰው ሱቅ አይታይም። ለአንድ ሰው ቤት፣ ለአንድ ሰው አካል ላይ ላለ ጉዳት ቦታው ላይ ያለ ስልክ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ማስቀመጫ አይደሉም። ሶሪያውያን ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ በ2017 እ.ኤ.አ ዩቲዩብ አክራሪ ይዘት የሚለይ ማሽን ሲጀምር የስንት አመት የጦርነት ቪዲዮ አብሮ ተጠርጎ ጠፋ፣ ሲሪያን አርካይቭ የሚባሉት ልጆች ቀድመው ኮፒ ባያደርጉ ኖሮ ብዙው ለዘላለም ሄዶ ነበር። ሶሻል ሚዲያ ላይ የወጣ ቪዲዮ ጨርሶ አይረባም ማለቴም አይደለም፣ በዛው አመት አለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሊቢያ ውስጥ አል ወርፈሊ በሚባል አዛዥ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ሶሻል ሚዲያ ላይ የተለቀቁ ሰባት ቪዲዮዎች ላይ ተመስርቶ ነው። በሌላ በኩል ደሞ አርማ 3 የሚባል የኮምፒውተር ጌም ቪዲዮ የእውነት ጦርነት ነው እየተባለ ስንቴ እንደተሰራጨ፣ ጌሙን የሰሩት ቼኮች ራሳቸው በ2022 እ.ኤ.አ ወጥተው "ይሄ የኛ ጌም ነው፣ እንዲህ አድርጋችሁ ለዩት" እስከማለት ደርሰዋል። የጨለማ ቪዲዮ፣ ብዥ ያለ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የማይታይበት፣ ድምፁ የተቆረጠ ከሆነ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቆም በሉ። ፎቶ ከሆነ በፎቶ መፈለግ የሚቻልባቸው ጎግል ሌንስ ወይ ያንዴክስ ላይ አስገቡት፣ የዛሬ ስድስት አመት የሌላ ሀገር ፎቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዛው ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፣ ደህንነት። ይሄን አፕ ለማንም ዝም ብላችሁ "ጫን" አትበሉ። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ጋለሪው ላይ አይታይም፣ የተመሰጠረ ነው፣ ግን ስልክህን ክፈት የሚልህ ሰው ስለ ምስጠራ አይከራከርህም። የአጎቴን ልጅ ግድግዳውን በአፑ እንዲያነሳ ከመላኬ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። ከአንድ ፎቶ የአንድ ልጅ ህይወት ይበልጣል፣ ይሄ ላይ አልደራደርም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አይነሳም በቃ፣ ግድግዳው ይጠብቃል። ሌላም አለ፣ የተረፉ ሰዎችን በተለይ የተደፈሩ ሴቶችን በስልክ እንዳትቀርፁ እባካችሁ። ያ ስልጠና ያለው ሰው ስራ ነው፣ ለአንድ ሰው የነገረችውን አምስት ቦታ እየሄደች እንድትደግመው ማድረግ ቁስሉን መልሶ መክፈት ነው፣ ታሪኳ በተደጋገመ ቁጥር ደሞ ትንንሽ ልዩነት ይገባበታል፣ ፍርድ ቤት ላይ ያቺን ልዩነት ይዘው ነው የሚያስጨንቋት። የተባበሩት መንግስታትና በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል የሚባል መመሪያ አለ፣ በዲጂታል ማስረጃ ላይ ነው፣ ሰው ላይ ጉዳት አለማድረስንም ያነሳል። እዚህ ስራ ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ሳታነቡት እንዳትጀምሩ።

ሌላ አማራጭ የምትፈልጉ ፕሩፍሞድ የሚባል አለ፣ ጋርዲያን ፕሮጀክት የሰራው፣ እሱም ነፃ ነው። ልዩነቱ ማስረጃው እናንተው እጅ ላይ ይቀራል፣ ከምስሉ ጋር ሃሽና ዲጂታል ፊርማ ይሰራላችኋል፣ ለማን እንደምትሰጡ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አይዊትነስ ላይ ደሞ ሌላ አካል ይረከባችኋል፣ ከተቀዳባት ደቂቃ ጀምሮ ማን እጅ እንደነበረ የሚያሳይ ያልተቆረጠ ሰንሰለት ይኖራል። እኔ ለኛ ሰው አይዊትነስ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ ሜሞሪው ሲሞላ ፎቶ ይጠፋል። የኛ ልጅ ስልኩን የሸጠው ቤተሰቡ ከተፈናቀለ በኋላ ለቀለብ ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ለድርጅት ወይ ጠበቃ ላለው ሰው ግን ፕሩፍሞድ ይመቻል።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዷን የቀነስኩት አይፎን ላለው ሰው ስለማይሆን ነው፣ ደግሞም የቀዳችሁት ነገር ከተላከ በኋላ መቼ የት ችሎት እንደሚቀርብ እናንተ አታውቁም፣ ልትጠብቁ ነው፣ አመታት ሊሆን ይችላል። ይሄን አውቃችሁ ግቡ። አፑ ፍትህ አያመጣላችሁም፣ ግን የሆነ ቀን አንድ ሰው ሲጠይቅ "ኦሪጅናሉ የት ነው?" የሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረዋል።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ጥር መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄደ። እንዴት እንደሚያነሳ በስልክ ተነጋግረን ነበር፣ መጀመሪያ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ መስጊዱና ተራራው ከሱቁ ጋር አንድ ላይ እንዲገቡ አድርጎ ሰፋ ያለ ምስል፣ ከዛ ሳያቋርጥ እየቀረበ ግቢ ገብቶ ግድግዳው ድረስ አንድ ረጅም ቪዲዮ፣ ከዛ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስኪሪብቶ አድርጎ። ምንም አይናገርም፣ ማን እንዳደረገው አይልም፣ ያየውን ብቻ ነው የሚቀዳው። ሰባት ቀዳዳ ነበር። በሩ አሁንም አለ፣ "ካርድ አለ" የሚለው ግማሹ ጠፍቶ "አለ" የምትለው ቀርታለች። አጎቴ ግድግዳውን ሊያስለስኑ ካመት በፊት አሸዋም ሲሚንቶም ገዝተው ነበር፣ እኛ ነን ይነሳ ብለን ያስቆየናቸው፣ ሲሚንቶው ግማሹ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ አንድም ቀን አላማረሩም። ልጁ ማታ ደሴ ደርሶ መስመር ሲያገኝ ላከው፣ ቪዲዮው ከበድ ስለሚል ሌሊቱን ሙሉ ሲጫን አደረ፣ ጠዋት አንድ ሰአት ላይ "ገባ" ብሎ ፃፈልኝ። እኔም ወዲያው ደወልኩ፣

"ጋሼ፣ አሁን ያስለስኑት።"